የሞት ማስታወቂያ አንባቢዋ ሮዲዮ ሄደች

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ዛሬ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሞተው። ቀለል ያለ ጠዋት።

ሁለቱንም አነበብኩ። ዶኛ ሬፉጂዮን በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም፣ ልጆቻቸው እንዲያ ስለፈለጉ። ከዚያ የከብት ዋጋ። ከዚያ የአየር ጠባይ... ዝናብ የለም። ዝናብ የለም ማለት ራሱ ሰልችቶኛል። ሬዲዮ ጣቢያው ስቀጠር ፀጉሬ ጥቁር ነበር። አሁን በከተማችን በኦሆ ፍሪዮ «ኦፌሊያ አነበበችው» ከተባለ ሰውየው አልፏል ማለት ነው። ሱቅ ስገባ አሮጊቶቹ አይተውኝ ያማትባሉ። በቀልድ ነው... መሰለኝ።

እቤት ስደርስ የባሌ ልጅ ኒድያ ምድጃው ጋ ቆማ ቶርቲያ ቂጣ ታሞቃለች። ቡትስ ጫማዋ እንዳለ አቧራ።

«ምሳ በላሽ?»

«በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎስ?»

እግዜር ይስጥልኝ! የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ! አባቷን «አንተ» ትላለች። እናቷን «አንቺ» ትላለች። ፈረሷንም። እኔን እርስዎ። ዴልፊኖን ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ፣ ይቅርታ፣ እባክዎ፣ አመሰግናለሁ። ባለጌ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ባለጌን ቆጣ ይሏል። እንዲህ ያለችውን ምን ያደርጓታል? ሆቴል ያረፈች እንግዳ ነው የምትመስለው። እኔ ደግሞ አስተናጋጇ።

ማቀዝቀዣው ላይ ማስታወቂያ ለጥፋለች። የኦሆ ፍሪዮ የልጆች ሮዲዮ፣ የፈረስና የከብት ግልቢያ ውድድር፣ ቅዳሜ ጁን 14። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ «እማዬ ትመጣለች!!»

እዚሁ ከተማ ተወልጄ አንድም ቀን ሮዲዮ አይቼ አላውቅም። ሰው ሲሰማ አያምንም። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር፣ ቤታችን ከድመት የገዘፈ እንስሳ ገብቶ አያውቅም። ደግሞ ቅዳሜ ሥራ አለኝ። ሰው ቅዳሜም ይሞታል። እነዚህን ሁለት ዓመታት ደግሞ... እንጃ። እናቷ ኢርማ ከአማሪሎ ከተማ ድረስ ትመጣለች፣ ልጇን ታዘጋጃለች፣ አጥሩ ላይ ወጥታ ትጮሃለች። እኔ እዚያ ምን ልሠራ?

ሐሙስ፣ ጁን 5

ማንም አልሞተም። የተረፈውን ሰዓት ሙዚቃ አጫወትን።

እሑድ፣ ጁን 8

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልምምዷን ልይ ብዬ አጥሩ ጋ ወጣሁ። በጥሩ ጫማዬ። ሞኝ።

ሜዳው ላይ ሦስት በርሜል ተተክሏል። እሷ ካኔላ ላይ ሆና ትመጣለች፣ አንዱን ትዞራለች፣ ሌላውን ትዞራለች፣ ሦስተኛውን ዞራ በቀጥታ ወደ መግቢያው ትበራለች። ካኔላ ቀረፋ የመሰለች ባዝራ ናት። ኢርማ ናት ያኔ፣ እዚህ ሳለች፣ የገራቻት። ስትዞር መሬቱን በጎኗ የምትነካ ነው የሚመስለው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ገለጥኩ። አሁንም ፈረሱ ላይ አለች።

አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ዋናው ነገር ምንድነው?» አልኳት።

«በርሜሉን አለመጣል።»

«ሌላስ?»

«መፍጠን።»

«ሁለቱ አይጣሉም?»

ትንሽ አሰበች። «ይጣላሉ» አለች። ከዚያ አፏን ልትከፍት ስትል ካኔላ አነጠሰች። ደረቴ ላይ። ነጭ ሸሚዜ ላይ፣ የሣር ፍርፋሪ ምኑ ቅጡ... ኒድያ ሳቋ አመለጣት። እንዴት ያለ ሳቅ አላት! ከሆዷ ነው የሚወጣው። ሰምቼው አላውቅም ነበር እኮ።

ወዲያው ቀጥ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ምነው ባትለው!

ረቡዕ፣ ጁን 11

ኢርማ ደወለች። ኒድያ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ፣ ላለመስማት ደግሞ ሳህን አንኳኳሁ።

«አዎ... ገባኝ... አይ፣ ምንም አይደል እማዬ... አይ፣ እውነቴን ነው... እሺ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ወደ ፈረሱ ቤት ሄደች።

ኢርማ አዲስ ሥራ ይዛለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፣ የቅዳሜውን ተራ የሚቀይራት ጠፋ። ልቀየማት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። በሽተኛ ጥላ አትመጣ።

ዴልፊኖ ኮፍያውን ያሽከረክራል። «ምን ልበላት?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? አባቷ አንተ ነህ።»

«አንቺ ንግግር ታውቂያለሽ።»

እኔ የማውቀው ንግግር «ከረጅም ሕመም በኋላ» እና «ቀብራቸው የሚፈጸመው» ነው። ቢሆንም ሄድኩ። ካኔላ አንገት ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ሳይሆን አይቀርም ታለቅስ ነበር። በር ላይ ቆምኩ። ስንት ነገር አሰብኩ... በመጨረሻ ከአፌ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ሾርባ አለ።»

«መጣሁ። አመሰግናለሁ።»

ሾርባ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ ጁን 12

ሥራ ላይ እያለሁ ኤሎይሳ ደወለች። የመኖ መደብር ያላት፣ ሮዲዮውን የምታዘጋጀው ኤሎይሳ።

«ኦፌሊያ፣ ጉድ ሆነናል!»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! አንቺ ደግሞ... አስተዋዋቂያችን ዶን ካሲሚሮ ጥርስ አስተከሉ።»

«እንኳን ደስ ያላቸው።»

«ምን እንኳን ደስ ያላቸው ትያለሽ! ያፏጫሉ። 'ሰ' ባሉ ቁጥር ያፏጫሉ። ትናንት ማይክ ስንሞክር የማን እንደሆነ የማይታወቅ ውሻ መጥቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ሰው ይስቅብኛል ብለው አኩርፈዋል። ሮዲዮውን የሚያስተዋውቅልኝ ሰው የለኝም።»

የሆነ ነገር እየመጣ እንደሆነ ገባኝ። «ኤሎይሳ፣ እኔ ፈረስና በቅሎ አልለይም።»

«እሳቸው አጠገብሽ ይቀመጣሉ። በጆሮሽ ይነግሩሻል። አንቺ መናገር ብቻ ነው። በዚህ ከተማ ማይክ ይዞ የማይንተባተብ ሌላ ሰው ጥሪልኝ እስቲ!»

ቄሱን ጠራሁላት። ቄሱ ይንተባተባሉ።

የቅዳሜ ሥራዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

አርብ፣ ጁን 13

ኒድያ ሰምታለች። ከተማ ውስጥ ያልሰማ የለም።

«እርስዎ ነዎት የሚያስተዋውቁት? እውነት ነው?»

«ኤሎይሳ ለምናኝ...»

«እምቢ ይበሏት። እባክዎ።»

«ለምን?»

ጣቶቿን አፍተለተለች። ክፉ መናገር አትፈልግም፣ ግን መናገር አለባት። «እርስዎ የሰው ስም ሲጠሩ... ሰውየው የተቀበረ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ሁሉ ይስቁብኛል። የኔን ስም በዚያ ድምፅ አይጥሩት፣ እባክዎ።»

ምን ይባላል? እውነቷን ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተለማመድኩ። «ኒድያ አርሚሆ!» አልኩ ፈገግ ብዬ። ደስ ደስ እያለኝ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የሐዘን ቤት በር ላይ የቆመች ትመስላለች። ደገምኩት። ባሰ። ዴልፊኖ በሩን አንኳኳ።

«ኦፌሊያ? ደህና ነሽ? ማንን ነው የምታለቅሺው?»

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ድምፄ የለም። እጄ ግን አለ። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጠዋት ፈረሱን በተጎታች ጭነን ሄድን። ሦስታችንም ፒክአፑ ፊት ላይ፣ ኒድያ መሃል። ሜዳው ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ጅራታቸው የተጎነጎነ ፈረሶች፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ልጆች፣ ከነጡጧቸው ጋሪ ላይ የተኙ ሕፃናት። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በቂጣ የተጠቀለለ ቡሪቶ በቃሪያ እየሸጡ፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። እንዲህ ያለ ነገር እዚሁ፣ ከቤቴ በእግር በሚደረስበት፣ በየዓመቱ ሲደረግ ኖሯል?

ዴልፊኖ ሥራው ሜዳው ውስጥ ነው። ልጆች ሲወድቁ እንስሳውን የሚያባርረው እሱ ነው። ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ኒድያ «መልካም ዕድል ይግጠምዎ» አለችኝ። ለቀብር የሚሄድ ሰው የምትሰናበት ነው የምትመስለው።

የእንጨት ማማው ላይ ወጣሁ። ዶን ካሲሚሮ ከሁሉ ቀድመው ተቀምጠዋል። ኮፍያቸው እስከ ዓይናቸው፣ እጃቸው አፋቸው ላይ።

«እንደምን አደሩ፣ ዶን ካሲሚሮ?»

አንገታቸውን ነቀነቁ ብቻ። ውሻው ከማማው ሥር ተኝቷል።

ኤሎይሳ ከታች እጇን አነሳች። ማይኩን ያዝኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የኦሆ ፍሪዮ ነዋሪዎች... እንደምን አደራችሁ።»

ይኸው ነው ያልኩት! ሌላ ምንም አላልኩም። ግን ድምፄ እንደለመደው ወጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ ረጋ ብሎ... ከመቀመጫው ሦስት ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኋላ ያሉት እነሱን አይተው አወለቁ። ከዚያ ሌላው። ሕዝቡ በሙሉ ባዶ ራሱን ቆመ! አንዲት ሴት አማተበች።

ዶን ካሲሚሮ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ኒድያን አየኋት፣ ካኔላ ላይ ሆና ፊቷን በኮፍያዋ ሸፍናለች።

«ኮፍያችሁን መልሱ» አልኩ። «ማንም አልሞተም።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አጥሩ ራሱ የሳቀ ነው የመሰለኝ። የሽማግሌዎቹ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሰው አሳቅሁ... እሱንም ሳላስብ።

መጀመሪያ የሕፃናቱ የበግ ግልቢያ ነው። ልጁን በግ ላይ ያስቀምጡታል፣ በጉን ይለቁታል፣ በጉ ይሮጣል፣ ልጁ ይወድቃል። ይኸው ነው ሕጉ። ወረቀቴ ላይ ያለው ስምና ቁጥር ብቻ ነው። ስሙን ጠራሁ። ከዚያስ? ስለ በግ ምን ልበል? ዶን ካሲሚሮ እጃቸውን ከአፋቸው አላነሱም። ሰው ይጠብቃል። እኔ ስለ ሰው የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ማን የማን እንደሆነ። ስንት ዓመት ሳነበው የኖርኩት እሱን ነው። እና እሱኑ አልኩት።

«አሁን ወደ ሜዳ የሚገባው ኤልሶ ማኤስ ነው። የቤኒኞና የሉርዴስ ልጅ። የዶኛ ፓብሊታ የልጅ ልጅ። ዶኛ ፓብሊታ በሕይወት አሉ፣ እኒያውላችሁ ከታች፣ ቡሪቶ እየበሉ ነው።»

ዶኛ ፓብሊታ ብድግ ብለው ቡሪቷቸውን አውለበለቡ። ጩኸቱ! በጉ በርግጎ ወጣ፣ ኤልሶ እንደ ጃኬት ተንጠልጥሎ ጥቂት ሄደ፣ ፈጠፈጠው። ተነሳ። አፈር ተፋ። እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«ኤልሶም በሕይወት አለ!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? እያንዳንዱን ልጅ ከነዘሩ ጠራሁት። የዚች አያት የወንዙን ድልድይ የሠሩ፣ የዚህ አክስት አምስት መንታ ከሚመስሉ ወንዶች ጋር ያደገች፣ የዚያኛው አጎት እዚህ ሜዳ ላይ ጥርሱን የጣለ፣ «ጥርስ ስል ዶን ካሲሚሮ አዲስ አስተክለዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት እንበላቸው!» እሳቸው ተቆጥተው «ሴትዮ!» አሉ። ፉጨቱ በማይኩ ገባ። ውሻው ተነስቶ ጮኸ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እሳቸውም ተዉት፣ እጃቸውን ከአፋቸው አነሱና እያፏጩ ያስረዱኝ ጀመር። ፍየል በሚታሰርበት ጨዋታ «ልጅቷ ፍየሉን አቀፈችው፣ እንዴት ደስ ይላል» ብዬ ነበር። «መጣሏ ነው፣ ልታስር ነው!» አሉኝ እየጮሁ። እኔ ምን አውቃለሁ? ከላይ ሲታይ እቅፍ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚያ ማማ ላይ ሆኜ መጣብኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ስም ስጠራ፣ ባለ ስሙ አንድም ቀን ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። እንዴትስ ያየኛል? ዛሬ የጠራሁት ሁሉ ዞር አለ። እጁን አነሳልኝ። እናት ሳቀች። አያት አለቀሰ። ለካ ስም እንዲህም ይጠራል...

የበርሜሉ ተራ ደረሰ። ኒድያ መግቢያው ላይ ናት። ካኔላ መሬቱን ትጭራለች። ስሜን በዚያ ድምፅ አይጥሩት ብላኛለች። በሌላ ድምፅ ደግሞ አላውቅበትም።

«ኒድያ አርሚሆ» አልኩ። «የዴልፊኖና የኢርማ ልጅ። ይህችን ፈረስ የገራቻት ኢርማ ናት። ኢርማ ዛሬ አማሪሎ በሽተኛ እያስታመመች ስለሆነ እዚህ የለችም። ስለዚህ የሷንም ድርሻ እኛ እንጩህላት።»

ስለ ራሴ ምንም አላልኩም። ምን እላለሁ?

ሕዝቡ ጮኸ። ኒድያ ቀና ብላ ማማውን አየች። ፊቷን አላየሁትም፣ ፀሐይ ነበር። ከዚያ መጣች።

የመጀመሪያው በርሜል... ዞረች። ሁለተኛው... ዶን ካሲሚሮ ክንዴን ያዙ፣ «ስትፈጥን እያት፣ እያት!» እያፏጩ። ሦስተኛው ላይ ካኔላ ጎኗን ስትጥል የኋላ እግሯ ከዳት። ተንሸራተተች። ፈረስና ልጅ አንድ ላይ ወደቁ። አቧራ።

ካኔላ ከአቧራው ውስጥ ተነስታ ወጣች። ኒድያ አልወጣችም።

ያኔ ማይክ መያዜን ረሳሁ። የት እንዳለሁ ረሳሁ።

«ተነሺ እናቴ!» አልኩ። «ተነሺ፣ በሞቴ! በሞቴ ተነሺ!»

ድምፅ ማጉያው ወሰደው። ሜዳውን ዞረ፣ ከብቶቹ ጋ ደረሰ፣ ተራራው መልሶ ላከው። በሞቴ... በሞቴ...

ተነሳች። መጀመሪያ ጉልበቷን ሳይሆን ፈረሷን ነው ያየችው። እያነከሰች ሄደች፣ የካኔላን እግር በእጇ ዳበሰች፣ አንገቷን መታ መታ አደረገች። ዴልፊኖ እየጋለበ መጣ፣ በእጇ መለሰችው። አባቷን! እግሯን ከርካቡ አስገባች፣ ወጣች፣ ያንን ሦስተኛ በርሜል ዞረችው፣ ወደ መግቢያው በረረች። ኮፍያዋ መሬት ቀርቷል፣ ፀጉሯ ተፈትቷል። ሕዝቡ ቆመ። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ኮፍያ ወለቀ፣ አሁን ግን እየተወረወረ።

«ሰዓት የለም» አሉ ዶን ካሲሚሮ በሐዘን። «ከወደቀች አይያዝላትም። እንዲህ በይ።»

«ዳኛው ሰዓት የለም ብሏል» አልኩ በማይኩ። «እኛ ግን አይተናል።»

ሥራው ሲያልቅ ተጎታቹ ጋ ሄድኩ። የካኔላን እግር በውሃ እያጠበች አገኘኋት። ሱሪዋ ጉልበቷ ላይ ተቀዷል። ስታየኝ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው።

«በድምፅ ማጉያ!»

«ማይኩን ረስቼው...»

«ሰው ሁሉ ፊት! 'እናቴ' አልሽኝ! 'በሞቴ' አልሽኝ! አብደሻል እንዴ? ገና ከሜዳው ሳልወጣ ልጆቹ ሁሉ 'በሞቴ ውረጂ፣ በሞቴ ውሃ ጠጪ' እያሉ ነው! ጉልበቴ እኮ ነው የተላጠው፣ ምን ሆኜብሽ ነው እንዲህ የምትጮሂው? ትንፋሼ ጠፍቶ ነው የተኛሁት። ትንፋሽ ትውሰድ አትዪም? ትንሽ ዝም አትዪም ነበር?»

ቆሜ ሰማኋት። ፊቷ አቧራ ነው፣ እንባው በአቧራው መሃል መንገድ አውጥቷል። እየጮኸችብኝ ነው፣ ከነእጇ፣ ከነእግሯ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። አልሽኝ። አብደሻል። አትዪም ነበር...

እሷም ሰማችው መሰለኝ። ቆመች። አፏን ያዘች።

«ማለቴ...»

«ቀጥዪ» አልኳት። «ገና አልጨረስሽም።»

አየችኝ። ከዚያ ያ ከሆዷ የሚወጣው ሳቅ መጣ። ስትስቅ ጉልበቷን አመማት፣ «ውይ» አለች፣ ባልዲው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ፎጣውን አቀብዪኝ» አለች።

አቀበልኳት።

እሑድ፣ ጁን 15

ድምፄ ሙሉ በሙሉ ሄዷል። ዴልፊኖ እንዲህ ዓይነት ጸጥ ያለ እሑድ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። በትራስ መታሁት።

ኢርማ ደወለች። ከኒድያ ጋር ረጅም ወሬ። ከዚያ ኒድያ ስልኩን ዘረጋችልኝ። «አንቺን ትፈልግሻለች።»

እኔን? ሁለት ዓመት ሙሉ «ዴልፊኖ አለ?» ብቻ ነበር የምንባባለው።

«ኦፌሊያ፣ አንድ ሰው በስልክ ቀርጾ ልኮልኛል። ሰማሁት» አለች።

«ስለጩኸቱ ይቅርታ» አልኩ በሹክሹክታ።

«እሱን ተዪው። እኔም ብሆን ከዚያ የባሰ ነበር የምጮኸው... የፈለግሁሽ ስሜን ስለጠራሽ ነው። እዚያ እንዳልጠፋሁ አድርገሽ ስለጠራሽኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ጉልበቷ ላይ በረዶ አድርጊላት» አለች በመጨረሻ። «እምቢ ትላለች። እንዳትሰሚያት።»

እምቢ አለች። አልሰማኋትም።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ድምፄ ተመለሰ። ሦስት ሰው። የመጨረሻው ወጣት ነበር... ዝቅ ብዬ አነበብኩ፣ እንደሚገባው። ይህን ሥራ አልንቀውም። ለእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ ድምፅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዶኛ ፓብሊታ ደወሉ።

«ኦፌሊያ፣ ስሞት የምታነቢልኝን አሁን አንብቢልኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ልስማው እንጂ! ያኔ ለማን ነው የምታነቢው? እኔ አልሰማ! ቅዳሜ ስሜን ስትጠሪ እንዴት ደስ እንዳለኝ። እስከ ዛሬ ሰው ቡሪቶ ያመጣልኛል።»

አለቃዬን አስፈቀድኩ። «ዝናብ የለም ከማለት ይሻላል» አለ። እና ከከብት ዋጋው በኋላ አነበብኩት። ዶኛ ፓብሊታ ማኤስ፣ በሕይወት ያሉ፣ የእነ እገሌ እናት፣ የእነ እገሌ አያት፣ በቃሪያ ወጣቸው የሚታወቁ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ፍሎሪንዳን ረሳሻት! አኩርፋ ተቀምጣለች!»

ፍሎሪንዳን ጨምሬ ደገምኩት። ከምሳ በፊት ሌሎችም ደወሉ። ዶን ካሲሚሮ ሳይቀሩ። እሳቸው የፈለጉት ስለ ጥርሱ ምንም እንዳይነሳ ነው።

ሰኞ፣ ጁን 23

ከኒድያ ጋር ተጣላን። እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ጥላ። «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ!» አለችኝ። በሩን ወረወረችው።

ዴልፊኖ ደንግጦ አየኝ። እኔ ፎጣውን እያሰጣሁ እየዘፈንኩ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁን 28

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ካኔላ ተጭና ቆማለች። እግሯ ድኗል። ኒድያ ልጓሙን ይዛለች፣ በሌላ እጇ አንድ አሮጌ ቡትስ ጫማ።

«ልኪው» አለችኝ።

«ለምን?»

«በዚያ ጫማ ርካብ አይረገጥም።»

«ማነው ርካብ የሚረግጠው?»

«ኤሎይሳ እንዳለችው ከእንግዲህ ቅዳሜ ለቅዳሜ ማማ ላይ ተቀምጠሽ ስለ ፈረስ ልታወሪ ነው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለማታውቂው ከተማ ሮዲዮ ሊወስዱሽ ነው። እኔ አላፍርም? ፍየል አቀፈች የምትል ሴትዮ ከኔ ቤት ወጥታ!»

ከኔ ቤት አለች። ይህን እንኳ አጣጥሜ ሳልጨርስ ጫማውን አስጠለቀችኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አልናገርም። ዴልፊኖ ከኋላ ገፋኝ፣ እሷ ከፊት ጎተተችኝ፣ ካኔላ ዞር ብላ ምን ዓይነት ጭነት ነው ብላ አየችኝ። ከላይ ሆኜ ሳይ መሬቱ ሩቅ ነው። ቤታችን ትንሽ ናት። ጣራው መጠገን አለበት፣ ከታች አይታይም ነበር።

«ወገብሽን ቀጥ አድርጊ! ክንድሽን ሰብስቢ! ወደ መሬት አትይ፣ መሬቱ የትም አይሄድም! ወደምትሄጂበት እይ!»

«የት ነው የምሄደው?»

«በርሜሉን ትዞሪያለሽ።»

«ኒድያ፣ አውርጂኝ።»

«አላወርድሽም። ዞረሽ ስትመጪ።»

ዞርኩ። ቀስ ብላ፣ በእርምጃ፣ ልጓሙን እሷ ይዛ፣ ግን ዞርኩ። በርሜሉን አልጣልኩም። ሁለተኛው ላይ ልጓሙን ለቀቀችኝ፣ ሳላውቅ። ሳውቅ ጮህኩ። ካኔላ ግድም አልሰጣት፣ ሄደች። ሦስተኛውን ብቻዬን ነው የዞርኩት። እኔ! የፀጉር አስተካካዩ ልጅ!

ዴልፊኖ አጥሩ ላይ ተደግፎ እየሳቀ ነው። «ኧረ እናንተ ሴቶች! ፈረሷ ናት ወይስ ኦፌሊያ ናት እዚያ የጮኸችው?»

«ዝም በል!» አልነው። እኔም እሷም፣ ባንድ አፍ።